ከዘንጉ ጎን ያለው ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ ሽንኩርት በሚበቅልበት አንድ ቆላ፣ ወንዝ ዳር የተተከለ አሮጌ የውሃ መሳቢያ ማሽን ነበረ። ወንዙ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ እርሻው ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ውሃው በራሱ አይወጣም፤ የሚያወጣው ማሽኑ ነው። ማሽኑ ከቆመ ሽንኩርቱ ይደርቃል። ሽንኩርቱ ከደረቀ የዚያ አገር ሰው ልጆቹን የሚያበላው የለውም። ነገሩ ይኸው ነው።

ማሽኑ እንዲህ ይሠራል። ሞተሩ ቺንጋ በሚሉት የቆዳ ጠፍር ትልቅ መዘውር ያዞራል። መዘውሩ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል፣ መልሶ ይስባል። ዘንጉ ውሃውን ወደሚስበው በርሜል በጠባብ አንገት በኩል ይገባል፤ ይወጣል፤ ደግሞ ይገባል። አንገቱ ውሃ እንዳያፈስ በተገመደ ክር ተጠቅጥቋል። ዘንጉ ቅባት ካለው እዚያ ክር ውስጥ እንደ ዓሣ ይንሸራተታል። ከደረቀ ይግላል፣ ይጮኻል፣ ክሩን ይበላል፤ በመጨረሻም አንገቱ ላይ ተጣብቆ ይሰበራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዘንግ መለዋወጫ የለም። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ከሞቱ ቆይተዋል።

ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ከዘንጉ ጎን ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ የሚቀመጠው ሰው በአንድ እጁ የሞራ ጣሳ፣ በሌላው የበሬ ጭራ ይይዛል። ዘንጉ ብቅ ሲል ሞራ የነካውን ጭራ ያሳርፍበታል። ዘንጉ ይገባል። ብቅ ሲል ደግሞ ያሳርፍበታል። ቀላል ይመስላል። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሞከረው ሰው ግን ቀላል ነው አይልም።

ሞራው የሚመጣው ከሕዝቡ ነው። ስስ ዘይት ውሃ ያጥበዋል፤ ሞራ ይይዛል። በዚያ አገር በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲከፋፈሉ ከሰዉ መደብ ሌላ አንድ መደብ ይወጣል። ሥጋ የለበትም፤ ሞራ ብቻ ነው። የዘንጉ መደብ ይባላል። ዕጣ አይጣልበትም።

የማሽኑ ባለቤት አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ድንጋዩን የያዘ ማሽኑን ይይዛል፤ የውሃ ተራ ያዛል፤ በቦዩ ራስ ያለውን ማሳም ያርሳል፣ ቀድሞ ያጠጣል። ስለዚህ ድንጋዩን የማይመኝ የለም። ሰውየውን ያየ ግን ቆም ብሎ ያስባል። ዕድሜያቸውን ወደ ዘንጉ ዘንበል ብለው ስለኖሩ ሲሄዱም ዘንበል ብለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆመው እንኳ ቀኝ እጃቸው ሄድ መለስ ይል ነበር።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ዘርጋው፣ መካከለኛው አሰግድ፣ ትንሿ ስንዱ። ስንዱ ትዳሯ አልሆን ብሎ አባቷ ግቢ ተመልሳ የምትኖር ናት።

አንድ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ሽማግሌው አልጋ ያዙ። ልጆቹን ጠሩ።

«ደከመኝ» አሉ።

«ለማን ይሁን አባባ?» አለ ዘርጋው።

«ለአንድ ሰው ይሁን። ለሦስት ከሆነ፣ እያንዳንዳችሁ ሌላው ቀብቷል ብላችሁ ትተኛላችሁ።»

«ለየትኛችን?»

«ዘንጉን ላላደረቀው። እስከዚያው በየተራ ቀቡ። እኔ ከዚሁ ሆኜ እሰማለሁ።»

ቤታቸው ለማሽኑ ቅርብ ነው። የዘንጉ ድምፅ አልጋቸው ድረስ ይመጣል።

በየተራ መቀባት ጀመሩ። ጾም ከገባ አይታረድምና፣ ለቅበላ ከታረደው በሬ የወጣው የዘንጉ መደብ እስከ ፋሲካ መድረስ ነበረበት። ቆላ ነው። ሞራው መሽተት ጀመረ። ስንዱ እናቷ ለቋንጣ ታደርገው እንደነበረው ጨው አሸችው። ሽታው ጠፋ። ለማንም አልተናገረችም፤ የሚነገር ነገር አልመሰላትም። ጨው ግን ብረት ይበላል።

አሰግድ ተራው ደርሶ ሲቀባ የጭራው ጫፍ ቀልቶ አየ። ዝገት ነው። መዳፉን ዘንጉ ላይ ቢያሳርፍ ሻከረው። ሞራውን ቢቀምስ ጨው አለው። ገባው። ግን ከዚያ በፊት አባቱ በሰው ፊት «ተነሥ፣ አንተ ትቸኩላለህ» ብለው ከድንጋዩ አስነሥተውት ነበርና ቂም ይዟል። ዝም አለ። ተራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከእሱ ቀጥሎ ተራው የዘርጋው ነው። ዘርጋው ጭራውን ጣሳው ላይ አጋድሞ ማጭድ ይዞ ሽንኩርቱን ሊያርም ወረደ። ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ነው። አረሙ ብዙ ነበር።

ያጠፉትን ነገርኳችሁ። አሁን የሠሩትን ስሙ።

ዘርጋው ጆሮ አለው። ጎንበስ ብሎ እያረመ ሳለ ከሩቅ የዘንጉ ድምፅ ሲለወጥ ሰማ። ሌላው ሰው አልሰማም፤ ውሃው ገና ይወርዳል። ዘርጋው ማጭዱን እንደያዘ ሮጠ። ሲደርስ አንገቱ ይጨሳል። ሞተሩን ለማጥፋት ጊዜ የለም፤ ቢጠፋም በያዘው ኃይል ጥቂት ዞሮ፣ መዘውሩን እየጎተተ ዘንጉን ይሰብረዋል። ማጭዱን ቺንጋው ላይ ጣለው። ቺንጋው ተበጥሶ ክንዱን ገረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ራሱ ሰማው። ያ ክንድ ከዚያ ወዲህ ከትከሻ በላይ አልተነሣም። ዘንጉ ግን በደህና ቆመ።

ተራው ደርሶ ማሳው ላይ ውሃ የሚጠብቀው ጥጋቡ የሚባል ጎረቤት አካፋውን ይዞ መጣ።

«ምን አደረግህ አንተ? ገደልከን እኮ!»

«ዘንጉ ሊሰበር ነበር።»

«የእኔ ሽንኩርት ነው እንጂ የሚሰበረው!»

«አካፋህን አስቀምጥና ክንዴን እሰርልኝ» አለ ዘርጋው። ጥጋቡ ነጠላውን ቀዶ አሰረለት። እየተሳደበ ነው ያሰረለት።

አሰግድ እጅ አለው። ማሽኑ ዝም ሲል ሰምቶ መጣ። ማንም አልጠራውም። ዘንጉን ፈትቶ አወጣና ጭኑ ላይ አጋደመው። ጨው የበላውን ጉድጓድ ሁሉ በጣቱ እየፈለገ በመሳያ ድንጋይ ይሞርደው፣ በአመድ ይወለውለው ጀመር። ምግብ ሲያመጡለት አይቀበልም። መዳፉ ተላጠ። ዘንጉ ፊቱን እስኪያሳየው ድረስ አልተነሣም።

ዘንጉ ጸዳ፤ የአንገቱ ክር ግን ተበልቶ አልቋል። የሱቅ ገመድ ይሻክራል። ወደ ቤቱ ሄዶ ሳጥን ከፈተ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለች ሚስቱ።

«ጋቢውን።»

«የቱን ጋቢ?»

«የሰርጋችንን።»

«ለብረት?»

«እናትሽ የፈተሉት ነው። ክሩ ጥብቅ ነው።»

ሴትዮዋ ደጅ ወጥታ ተቀመጠች። አልከለከለችውም፤ አላየችውም። አሰግድ ጋቢውን ተርትሮ ክሩን ገመደና አንገቱን ጠቀጠቀበት። ቺንጋውንም በጠፍር ሰፋው።

«ሁሉም ገብቷል» አለ። «ጨው ያልነካው ሞራ አምጡ።»

ሞራ የለም። ከተማ ወርዶ ግራሶ የሚሉትን የማሽን ቅባት ማምጣት ይቻላል፤ ግን ሰው ሄዶ እስኪመለስ ሽንኩርቱ አይጠብቅም፤ ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል።

ስንዱ ያላት አንድ ነገር ነው። ሙክት። ለፋሲካ ሸጣ የራሷን ጎጆ ልትቀልስበት በእጇ ያደለበችው ሙክት ነው። አውጥታ ከማሽኑ አጠገብ አሰረችው። ቢላዋ ይዛ ወደ አባ ይፍሩ ሄደች፤ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አባ፣ ሙክቱን ይረዱልኝ።»

«በጾም? ልጄ፣ እጄ እሺ አይልም።»

ወደ ጥጋቡ ሄደች።

«ይህን የመሰለ ሙክት ለማሽን?» አላት።

«አዎ ጋሽ ጥጋቡ።»

«እኛ እንጾማለን፣ ብረቱ ይገድፋል በይኛ!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ቢላዋውን የተቀበላት ግን የለም። ዘርጋው ክንዱ ታስሯል። አሰግድ ዓይኑን ወደ ዘንጉ መለሰ።

በዚያ አገር ሴት አታርድም። ሴት ያረደችውን የሚበላ የለም። ስንዱ ሙክቱን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ በስመ አብ ብላ፣ በገዛ እጇ አረደችው። ሥጋውን የነካው ሰው የለም፤ ወንዝ ማዶ ለጅብ ተጣለ። ሞራውን አቅልጣ ትኩሱን አመጣችና ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባችው። የነፍስ አባቷ ስግደት አዘዙባት። ቀን ቦይ ስትጠርግ ውላ ማታ ትሰግዳለች። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትሄድ አብሯት የሚሄድ ሴት አጣች።

ሞተሩ ተነሣ። ዘንጉ ገባ፣ ወጣ። ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። ውሃው ቦዩን ይዞ ወረደ። ደስታ አልነበረም፤ ሁሉም ደክሞት ነበር። ውሃው ሲያልፍ ቆመው አዩት እንጂ እልል ያለ ሰው የለም።

ልጆቹ አባታቸው ዘንድ ገቡ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው የዘንጉን ድምፅ ያዳምጣሉ።

«ደኅና ሆኗል» አሉ። «ማን ነው የቀባው?»

«እኔ» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

አቶ ሸዋንግዛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳይመለሱ በዚያው አረፉ።

በቀብሩ ማግስት ጠዋት ሰዉ በማሽኑ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ሦስቱም ያጠፉትንም የሠሩትንም ሳይደብቁ ተናገሩ። ማሽኑ ለቀብሩ እንደቆመ ነው፤ ድንጋዩም ባዶ ነው። ፍርድ ሳይሰጥ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ የለም፤ የተቀመጠ እንደ ወሰደው ይቆጠራልና። ማሳው ሁሉ ግን ውሃ ይጠብቃል።

«የዘርጋው ነው» አለ አንዱ። «እሱ ባይሰማ ዛሬ የምንፈርድበት ዘንግ አይኖርም ነበር።»

«ከድንጋዩ ተነሥቶ የሄደስ ማን ነው?» አለ ጥጋቡ። «የመስሚያ ጆሮ ካለው መቀመጫ ቂጥ የለውም!»

ዘርጋው መሬት መሬት አየ። «ልክ ነው» አለ። «ተነሥቻለሁ። ተመልሼ ክንዴን የሰበርኩትም እኔው ነኝ።»

«የአሰግድ ነው» አለ ሌላው። «ያልተጠገነ ዘንግ ተቀባ አልተቀባ ምን ዋጋ አለው?»

«አይቶ ዝም ያለን ሰው?»

«ዝም ብያለሁ» አለ አሰግድ። «አባባ ካሉበት ሆነው ይፍረዱብኝ። ዘንጉን ግን ንኩት።» ማንም አልነካውም። ልስላሴው ከቆሙበት ይታያል።

«የስንዱ ነው» አሉ አባ ይፍሩ ቀስ ብለው። «እኔ ቢላዋውን አልተቀበልኳትም። ሁላችንም አልተቀበልናትም። ውሃውን ግን ተቀብለናል።»

«ጨውንም የጨመረችው እሷ ናት፣ አባ።»

«እኔ ነኝ» አለች ስንዱ። «ባውቅ አልጨምርም ነበር። እነሱ እያወቁ አጠፉ፤ እኔ ሳላውቅ።»

«የማያውቅ ሰው ነው ድንጋዩ ላይ የምናስቀምጠው?» አለ ጥጋቡ።



አንዱ ሦስቱም በጋራ ይያዙት አለ። አባ ይፍሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጋራ ይዘውት ነው እዚህ የደረስነው» አሉ።

ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ጥላውም አጠረ። ጥጋቡ አላስቻለውም። «ፍርዱ ይቆያል፤ የእኔ ማሳ ግን አይቆይም» ብሎ ሄደና ሞተሩን አስነሣው። የከለከለው የለም። መዘውሩ ዞረ። ዘንጉ ገባ፣ ወጣ። የተረፈው ሞራ ያንጸባርቅበታል።

ሦስቱ ልጆች ከዘንጉ አጠገብ ቆመዋል። ስንዱ ጣሳውን ይዛለች። ዘርጋው በደህናው እጁ ጭራውን ይዟል። አሰግድ መዳፉን ከዘንጉ በላይ ዘርግቶ ሙቀቱን ያዳምጣል። የሚቀመጥ የለም።  ዘንጉ በወጣ በገባ ቁጥር ማንጸባረቁ ይቀንሳል።

እኔ ሰምቼ የነገርኳችሁ እስከዚህ ነው። እናንተም እንደ እነሱ ቁጭ ብላችሁ ተከራከሩ፤ ግን ዘንጉ እየደረቀ መሆኑን አትርሱ። ቺንጋውን የቆረጠው ዘርጋው፣ ዘንጉን ያቃናው አሰግድ፣ ሞራውን የሰጠችው ስንዱ፤ ድንጋዩ የሚገባው ለየትኛው ነው?