ለኪኒን የተቀመጠ ሽምግልና

አንድ ቀን፣ የአዋሽ ሙቀት ሰውን ከቤት አላስወጣ ባለበት ወር፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ጋቢ ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ታዩ። ለአንድ ነገር ሦስት መልስ የማያጡት ሴትዮ አንደበታቸው ሁሉ ዘግይቶ ነበር። «ደህና አደሩ?» ሲባሉ መልሱ እስኪመጣ ጠያቂው ባቡር ጣቢያ ይደርሳል። አሳዘኑን።

ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ደማቸው ተመረመረ። «እማማ፣ አንገትዎ ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሰንፋለች። ብርዱም ድካሙም ከእሷ ነው። ይህን ኪኒን ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጡ፤ ቁርሱ ቆየት ብሎ ይደርሳል። በትንሽ ጀምረን ደምዎን እያየን መጠኑን እናስተካክላለን። ለውጡ በሳምንታት ነውና አይቸኩሉ፤ ሳያማክሩኝም እንዳያቋርጡ» አላቸው።

ባላቸው ጋሽ ድንበሩ የባቡር መካኒክ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የሁሉ ነገር መካኒክ ሆነዋል። ብዙም ሳይቆዩ፣ «ሞተር ዘይቱ ሲቀየርለት ወዲያው ድምፁ ያስታውቃል። አንቺ ግን ይኸው ጋቢ ውስጥ ነሽ። ተዪው ይሄን ኪኒን!» ይሉ ጀመር። እትዬ ዘነበች ግን ኪኒኑን መዋጣቸውን አልተዉም።

ሳምንታት እንዲህ እንዳለፉ ጋሽ ድንበሩ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ሰበሰቡ! ሚስት አኩርፋ እናቷ ቤት ብትገባ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ለኪኒን ሲቀመጥ ግን ያየነው ያን ቀን ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ ሀብተየስ ደግሞ እትዬ ዘነበች በሙሽርነታቸው ባላቸውን ጥለው ሲሄዱ ያስታረቁ ሰው ናቸው። እኛ ጎረቤቶች ፈራን፤ ሽማግሌ እምቢ አይባልምና ሴትዮዋ መድኃኒታቸውን መተዋቸው ነው።

አባባ ሀብተየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ባልሽ ምንም ለውጥ የለውም ይላል። ለውጥ የሌለውን ነገር ዕድሜ ልክ ይዞ መኖር ምን ይሠራል? በይ ተዪው።»

እትዬ ዘነበች ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«አባባ፣ ያኔ ይሄን ሰውዬ ልተወው ብዬ እናቴ ቤት ስገባ፣ ‹ታገሺ ልጄ፣ ቀስ እያለ ይሻሻላል› ብለው የመለሱኝ እርስዎ አይደሉም? ይኸው ፀጉሬ ሸበተ፣ መሻሻሉን ገና እየጠበቅኩ ነው። ለዚህች ፍንጣሪ ለምታህል ኪኒን ጥቂት ሳምንት መታገሥ ያቅተኛል? ግዴለም፣ ለውጥ የሌለው ይተው ካላችሁም እሺ፤ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ግን በተራ ይሁን፤ መጀመሪያ ቀድሞ የመጣውን ልተው!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ድንበሩ መሬት መሬት አዩ። አባባ ሀብተየስ እንባቸውን ጠራርገው ከዘራቸውን አነሡና ወደ እሳቸው ዞሩ።

«አንተ ድንበሩ፣ ለውጥ የላትም ያልከን ይህችን ሴት ነው? ኪኒኑማ ሠርቷል!»