በስልክ የተቀቡ ጡቦች

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ።

ይህን ያሉት ከተማ ገብቶ ለሚማር አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ ፈተና ወድቆ ነበር፤ ገጠር ያለችው እናቱ በደወለች ቁጥር ግን «ደህና ነው፣ እያለፍኩ ነው» ይላታል። «አባ፣ ሩቅ ሆና በናፍቆት የምትጠብቀኝን እናቴን እንዲህ እያልኩ ባጽናናት ምን ክፋት አለው?» ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩ ክፋት አለው ወይም የለውም አላሉም። ነገራቸውን ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ደጋ ተወልዶ፣ ደጋ አግብቶ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ቆላ የወረደ። ከባድ መኪና በማይጠፋበት መንገድ ዳር ጎማ ይጠግን ነበር። ሚስቱና ትንሽ ልጁ ከሚስቱ እናት ቤት ቀርተዋል። ሲለያቸው «ቤት ልሥራና መጥቼ እወስዳችኋለሁ» ብሏቸው ነበር። ከከተማው ጫፍ ቁራሽ ቦታም አግኝቷል። የቀረው እንጨቱ፣ ጭቃው፣ ቆርቆሮውና የሠራተኛው ዋጋ ነው።

ሰውየው የሚያድረው በዚያችው የሥራ ቦታው፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታበት የአገሩ ብርድ ይናፍቀዋል። ከሚስቱ አገር የመጣ አውቶብስ ጎማ ሊያስጠግን የቆመ እንደሆነ የያዘውን ሥራ ጥሎ ወደ እሱ ይሮጣል። ጎማውን ከፈታ በኋላ በጎማው ጥርሶች መካከል የተጣበቀውን ቀይ አፈር በጣቱ እየፈረፈረ ያየዋል። ሚስቱ ወንዝ ስትወርድ የምትረግጠው አፈር ነው። ሹፌሩ «ምን ጠፋብህ?» ሲለው «ምንም» ይላል።

ናፍቆቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ብሩ ከእጁ አይበረክትም። ዛሬ ያገኘውን ነገ ለምሳ፣ ለዕቃ፣ ለወዳጅ ይበትነዋል። እንዲሁ እንዳለ ዓመት ዞረ። አንድ ቀን መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። ከባለቤቲቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትንንሽ ጡቦች የተከፋፈለ የቤት ሥዕል ተለጥፏል። ከጡቦቹ ግማሾቹ ቀይ ተቀብተዋል፤ ግማሾቹ ባዶ ናቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አላት።

«የቁጠባ ሠንጠረዥ ነው፤ ለራሴ ያተምኩት። ለእያንዳንዱ ጡብ ልክ ታወጣለታለህ። ያን ያህል ብር ባስቀመጥክ ቁጥር አንድ ጡብ ትቀባለህ። ቤቱ ቀይ ሆኖ ሲያልቅ ብሩም ሞላ ማለት ነው።»

«ለእኔም አትሚልኝ። ሁለት ይሁን።»

«ወንድሜ፣ አንዱ ይበቃሃል እኮ።»

«ሁለት ሰዎች ነን» አላት።

አንዱን ወረቀት ከጎማዎቹ በላይ ለጠፈው። ሁለተኛውን በሚያውቀው አውቶብስ ረዳት እጅ ለሚስቱ ላከው። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ይደውላል። «ዛሬ አንድ ቀቡ» ሲል ትንሿ ልጁ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ትቀባለች፤ እሱም በበኩሉ የራሱን ይቀባል። ብሩን በቆርቆሮ ሣጥን ይቆልፍበታል። እውነትም ወረቀቱ ሰውየውን ያዘው። ጫት የሚቅሙ ጓደኞቹ ሲጠሩት ቀና ብሎ ባዶ ጡቦቹን ያይና እምቢ ይላል። በሁለት አገር፣ በሁለት ግድግዳ ላይ፣ አንድ ቤት ከመሠረቱ ወደ ላይ ማደግ ጀመረ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎማ የሚነፋበት መሣሪያ ተቃጠለ። ለጥገናው የሳምንቱ ገቢ ሙልጭ ብሎ ወጣ። እሑድ ደወለና ለሚስቱ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ልጁ ቀደመችው።

«አባዬ! እስክሪብቶውን ይዣለሁ። ስንት ልቀባ?»

ከኋላዋ የሚስቱ ሳቅ ይሰማል። ያን ሳቅ ማጥፋት ከበደው። «አንድ ቅቢ» አላት። የሚቀጥለው ሳምንት አካክሰዋለሁ ብሎ አሰበ። በራሱ ወረቀት ላይ ግን አልቀባም፤ ራሱን አልዋሸም። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ቀዘቀዘ፤ አሁንም «አንድ ቅቢ» አለ። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ቀለለው። ምንም ባላስቀመጠበት ሳምንት እንዲያውም ሁለት ይላል፤ ሁለት ሲባል ሚስቱ እልል ትላለችና። ድምጿ እየፈካ ሄደ። አልጋው ከየትኛው ጥግ እንደሚሆን፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚዞር ታወራለታለች። ሰውየው ከቤቱ ይልቅ እሑድን መናፈቅ ጀመረ። የሷ ወረቀት የት እንደደረሰም መከታተል ተወ።

አንድ እሑድ እንደለመደው «ሁለት ቀቡ» አለ። ወዲያ ማዶ ጸጥታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ዘጋው።

በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከደጋ የመጣ አውቶብስ ከደጁ ቆመ። ሰውየው የጎማ መፍቻውን ይዞ ሲቀርብ በሩ ተከፈተና ሚስቱ ወረደች። ልጁ ቀሚሷን ይዛለች። ረዳቱ ከላይ በገመድ የታሰረ ፍራሽ፣ ድስትና ሁለት ጆንያ እህል አወረደ።

«ሞላ እኮ!» አለችው እየሳቀች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ባለፈው ሁለት ቀቡ ስትለን የቀሩት ሁለቱ ነበሩ። መናገር አቃተኝ። ቤቱን አብረን እናሠራ ብዬ ላሟን ሸጥኩ፤ በእኩል ይዤ የማሳርሰውን መሬትም ለባለቤቱ መለስኩ። ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ሸኘን።»

ልጅቱ ዙሪያውን አየችና «አባዬ፣ ቤታችን የታል?» አለች።

ሰውየው ዕቃቸውን ተሸክሞ ወደ ጎማዎቹ ቤት አስገባቸው። ሚስቱ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። ቀዩ ከመስኮቶቹ በላይ አልወጣም። ከጣሪያው ገና አንድም ጡብ አልተነካም። የራሷን ከጉያዋ አውጥታ ዘረጋችና ከጎኑ ያዘችው። የሷ እስከ ጣሪያው ጫፍ ቀይ ነው።

«እውነተኛው የቱ ነው?» አለች።

በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከታት።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?»

«ናፍቀሽኝ ነበር» አለ። ይህን ሲል አልዋሸም።

«እኔስ አልናፈቅኩም?» አለችው፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አንተ እዚህ ሲጎድልብህ እኔ እዚያ ሞላልኝ ብዬ እስቅ ነበር። ብትነግረኝ ቅቤ እየሸጥኩ እልክልህ ነበር፤ አብረን እንሞላው ነበር። አሁን ላሟም የለች።»

ሰውየው ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ። አውቶብሱ ገና አልተነሣም። እሷ ግን ጎማ ላይ ተቀመጠች፤ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የልጇን እስክሪብቶ ተቀበለች።

«አንተ እየነገርከኝ ነው የቀባሁት» አለች። «አሁንም አንተ እየነገርከኝ ልሰርዝ። የሌለውን አንድ በአንድ ንገረኝ።»

ሰውየው ከፊቷ በርከክ ብሎ በጣቱ እያመለከተ «ይህች የለችም። ይህችም የለችም። ይህችንም ዋሸሁ» ይላት ጀመር። በእያንዳንዷ ላይ እሷ መስቀለኛ ጭረት ታደርጋለች። ልጅቱ «እማዬ፣ ቤታችንን ለምን ታበላሺዋለሽ?» ብላ አለቀሰች። ሚስቱም አቀፈቻት እንጂ መሰረዟን አላቆመችም። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ እስኪሆኑ ድረስ ሰረዘች። ሰውየው በዕድሜው ያን ያህል የከበደው ሥራ አልነበረም።

ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ከላሟ ዋጋ የተረፈውን ሣጥኑ ውስጥ አኖረች፤ ጠባብ ክፍል ተከራዩ፤ እሷም ለሹፌሮች ቁርስ መሸጥ ጀመረች። ጊዜ ወሰደ እንጂ ቤቱ ተሠራ። ቆርቆሮውም ተመታ፤ ልጅቱም ገባችበት።

ሆኖም ሰውየው ማታ ገብቶ «ዛሬ ይህን ያህል አገኘሁ» ሲላት ሚስቱ «እሺ» ትልና ሄዳ ሣጥኑን ከፍታ ታያለች። አትሰድበውም፣ ያለፈውንም አታነሣም። መልሳም ትቆልፈዋለች። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አልጋ እየተኙ፣ ሰውየው ያቺን በስልክ የነገራትን ሁሉ የምታምነውን ሴት ይናፍቃት ነበር። ወደዚያች ሴት ደግሞ የሚወስድ አውቶብስ የለም።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ሚስቱን ይወድ ነበር። ውሸቱም ከፍቅር የወጣ ነው። ለዚህ ነው ክፋቱ ያልታየው። አንተም እንዲሁ ነህ። እናትህ ወረቀት ባይኖራትም በልቧ ትቀባለች፤ የምትቀባው ደግሞ በአንተ ቃል ነው። የሚጠብቅ ሰው የምትነግረውን ሰምቶ ብቻ አይቀመጥም፤ በዚያው ላይ ይነሣል፣ ይሸጣል፣ ይለቃል፣ መንገድ ይጀምራል። ጉድለትህን ብትነግራት ታዝናለች፤ ግን ጉድለቱ የሁለታችሁ ይሆናል። ብትደብቃት ግን ብቻህን ትጎድላለህ፤ እሷም ብቻዋን ትሞላለች። አጽናናኋት የምትለው ይህን ነው።»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ።

«አሁን እኔ ልጠይቅህ» አሉት መምህሩ፤ «‹እያለፍኩ ነው› ካልካት ወዲህ እናትህ ምን እንደሸጠች ታውቃለህ?»