አሥራ ሦስተኛው ትምህርት

አንድ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ ስልክ በያዘበትና ወንዙ ሁሉ በደረቀበት በጋ፣ በአንድ ቆላ አንዲት ምንጭ ብቻ ቀረች። መጀመሪያ አንበሳ ይጠጣል። ቀጥሎ ጅብ። ከዚያ ባለ ቀንዱ ሁሉ እንደ ቀንዱ ርዝመት። አህያ የመጨረሻው ነው። እሱ ሲደርስ ውሃው ጭቃ ሆኗል።

አህያ ስለዚህ ነገር ተናግሮ አያውቅም። በወጣትነቱ ጨው ተጭኖ በረሃ ያቋረጠ ነው። ያኔ መናገር ዱላ እንጂ ውሃ እንደማያመጣ ተምሯል።

ምንጩ ዳር በየቀኑ ጠብ ሆነ። አንድ ቅዳሜ አንበሳ ጠቡ ሰለቸውና ሁሉንም ሰበሰበ።

«ከእንግዲህ ተራ የሚለየው በጨዋታ ነው» አለ። «የሚመጣው ቅዳሜ እንደ ገበጣ፣ እንደ ዳማ ያለ አዲስ ጨዋታ ሠርታችሁ አምጡ። ሁለት ተጫዋቾች ሳይጣሉ የሚጨርሱትን እመርጣለሁ። ያሸነፈ ቀድሞ ይጠጣል። እኔም ብሸነፍ ተራዬን እጠብቃለሁ።»

የመጨረሻውን ነገር ማንም አላመነም። ሁሉም ግን ጭራውን ቆላ።

በማግስቱ ቀበሮ በኢንተርኔት ትምህርት ከፈተ። ማስታወቂያው «የጨዋታ አሠራር ለጀማሪዎች፣ በአሥራ ሦስት ትምህርት፣ በአሠልጣኝ ቀበሮ» ይላል። መመዝገቢያው አንድ ዶሮ ነው። ቀበሮ በዕድሜው አንድም ጨዋታ ሠርቶ አያውቅም፤ ማስታወቂያው ላይ ግን መነጽር አድርጎ ፎቶ ተነሥቷል።

አህያ ዶሮ የለውም። ለማስተላለፍ የሚበቃ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ የቀበሮን የሶላር ሰሌዳ በየጠዋቱ ተሸክሞ እየወጣ በምትኩ ከጎን ቆሞ ሊማር ተስማማ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ያልደፈረሰ ውሃ መጠጣት።

ረቡዕ ጠዋት ቀበሮ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ውድ ተከታታዮቼ፣ የጨዋታውን ስም አየን፤ የሳጥኑን ሥዕል አየን፤ የማስታወቂያውን ሙዚቃ አየን። በዛሬው በአራተኛው ትምህርት ደግሞ ጨዋታችሁ ሲወደድ ለአድናቂ እንዴት እንደምትፈርሙ እናያለን።»

ከስልኩ ውስጥ የጅብ ድምፅ መጣ። «አሠልጣኝ፣ ጠጠሮቹን ከምን ልሥራቸው?»

«ከምትወደው ነገር፣ አያ ጅቦ። ፈጠራ ከፍቅር ነው የሚወለደው።»

«ከአጥንት ልሥራቸው?»

«ድንቅ ነው። ሁላችሁም ለአያ ጅቦ ልብ ላኩለት።»

«የበሬ ከሆነ ደስ ይለኛል» አለ ጅብ።

አህያ ከጎን ሆኖ ጠየቀ። «አሠልጣኝ፣ የምንጫወተው መቼ ነው?»

ቀበሮ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ምኑን?»

«የሠራነውን። ለሌላ ሰጥተን ሲጫወት የምናየው።»

«መጫወት አሥራ ሦስተኛው ትምህርት ላይ ነው።»

«ቅዳሜ ስንተኛው ላይ እንሆናለን?»

ቀበሮ በጣቱ ቆጠረ። «ሰባተኛው።»

አህያ ሰሌዳውን ወደ ፀሐይ አዞረና ቁልቁል ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ግራር ሥር በኮቴው ሃያ ጉድጓድ በረድፍ ቆፈረ፤ በየጉድጓዱም ጠጠር ጣለ። የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ የጨው መንገድ። ጨዋታውም እሱን መሰለ። የተሰነጠቁ ሸምበቆዎች ትጥላለህ፤ ተንጋለው በወደቁት ቁጥር ልክ ትሄዳለህ፤ የደረስክበትን ጠጠር ትሸከማለህ። ብዙ የተሸከመ ያሸንፋል።

ጎረቤቶቹን፣ እመት ፍየልንና እማማ ኤሊን ጠርቶ አስቀመጣቸው። ሲጀምሩ ሊያርማቸው አፉን ከፈተና ተወው። እሱ በሌለበት ማን ሊያርማቸው ነው?

ፍየል ጣለች፣ ተሸከመች። ጣለች፣ ተሸከመች። በሦስተኛው አዛጋች።

«አያ አህዮ፣ የዚህ መጨረሻው ምንድን ነው?»

«መሸከም።»

«ማረፊያስ?»

«የለውም።»

ፍየል ተነሣች። «ይሄ ጨዋታ አይደለም፤ ያንተ ኑሮ ነው። እኔ ደግሞ ለሱ አልተመዘገብኩም።»

ኤሊ ገና የመጀመሪያውን ሸምበቆ ልትጥል ነበር። «እውነቷን ነው፣ ልጄ» አለች። «ዕድሜ ልኬን ቤቴን ተሸክሜ ኖርኩ። ማውረድ የሚቻልበት ቢሆን እጫወት ነበር።»

አህያ ጉድጓዶቹን ረጅም ጊዜ አየ። በጨው መንገድ ላይ አንዲት ዛፍ ነበረች። በሄደ በመጣ ቁጥር ያያት ነበር። አንድም ቀን ከሥሯ አላቆሙትም።

አሥረኛው ጉድጓድ ላይ ቅጠል አኖረ።

«ይቺ ጥላ ናት» አለ። «እዚህ የደረሰ ይመርጣል። ወይ ተራውን አሳልፎ ያርፋል፣ የሸክሙንም ግማሽ ባላጋራው ላይ ይጭናል። ወይ ሸክሙን ይዞ ይቀጥላል። ከእንግዲህ ብዙ የያዘ ይዘገያል። ቀድሞ መጨረሻው ጉድጓድ የደረሰ ያሸንፋል።»

ፍየል ተመልሳ ተቀመጠች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅም አልተነሣችም።

«እኔ ላይ ነው የምትጭኚው፣ እማማ? ስንት ዓመት ጎረቤት ኖረን?»

«ታዲያ የማላውቀው ላይ ልጫን?» አለች ኤሊ።

አህያ ሐሙስም ዓርብም አስጫወታቸው። በተጣሉበት ቦታ ሁሉ አንድ ደንብ ሰረዘ።

ቅዳሜ ምንጩ ዳር ጅብ ቀድሞ ቀረበ።

«የጨዋታው ስም "ጅብ ያሸንፋል" ነው።»

«ደንቡስ?» አለ አንበሳ።

«ስሙ ላይ አለ፣ ጌታዬ።»

አንበሳ ሊጫወት ጎንበስ ሲል ጅብ የዘረጋው የጨዋታ ሰሌዳ ላይ የቀረው አንድ አጥንት ነው። «ሌሎቹ የት ሄዱ?»

«ሸተቱኝ» አለ ጅብ አፉን እየጠረገ።

ቀበሮ ቀጠለ። በቀለም ያጌጠ ቆዳ ዘርግቶ ስለ ስሙ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ሳጥኑ ሲናገር የአንበሳ ጥላ ከፊቱ ወደ ኋላው ዞረ።

«ማን ይጀምራል?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ቆዳውን ገለበጠው። ከጀርባው ያለው የራሱ ፊርማ ብቻ ነው። «እሱ በአሥራ ሦስተኛው ትምህርት ይብራራል፣ ጌታዬ።»

አህያ መሬቱን ቆፈረ። ደንቡን ባጭሩ ተናግሮ ወደ ኋላ ቆመ። አንበሳና ጅብ ተቀመጡ። አንበሳ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ግራ ገባውና ቀና አለ።

«አሁን ምን ይሻለኛል?»

አህያ ዝም አለ።

«አንተን ነው።»

«ንገረው እንጂ፣ ይበላሃል» ስትል ፍየል በጆሮው አንሾካሾከች። አህያ አሁንም አፉን አልከፈተም። አንበሳ ቅጠሉን አየ። የራሱን ጠጠር አየ። የጅብን አየ። ቀስ ብሎ የሸክሙን ግማሽ አንሥቶ ጅብ ላይ ጫነ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጅብ፤ ሲሰጡት እምቢ ማለት አያውቅም። እየተንፏቀቀም ተሸነፈ።

«እንደገና» አለ ጅብ።

በሦስተኛው ዙር ጅብ በዕድል አሸነፈ። ምንጩ ዳር ያለው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። አንበሳ ሸምበቆውን አነሣ።

«አንዴ ነው ያሸነፍከኝ። አራተኛውን እንይ።» ቀና ሳይልም «የጠማው ይጠጣ፤ እኛ ገና ነን» አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ አህያ ሄደ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ፊቱን አየበት። ሸብቷል። ጎንበስ ብሎ ጠጣ።

እሑድ ጠዋት ቀበሮ አዲስ ማስታወቂያ ለጥፎ መጣ፤ «የምንጩ ጨዋታ ምሥጢር፣ በአሥራ ሦስት ትምህርት»።

«ተጫውተኸዋል?» አለው አህያ።

«ማስተማሩ መቼ ጊዜ ይሰጣል? ና ሰሌዳውን አንሣ፤ ሕዝብ እየጠበቀኝ ነው።»

አህያ ሰሌዳውን አየ፤ ኮረብታውን አየ።

«ቅጠሉ ጋ ደርሻለሁ፣ አሠልጣኝ» አለና ግራሩ ሥር ተኛ።

ቀበሮ ጨዋታውን ተጫውቶት ስለማያውቅ ነገሩ አልገባውም። ሰሌዳውን ራሱ ተሸክሞ ዳገቱን ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጨዋታ መሥራት ላስተምር የሚል ሁሉ አስቀድሞ የሠራውን ለሌሎች ሰጥቶ ሲጫወቱት ዝም ብሎ ማየትን መማር እንዳለበት ነው።