ማሽኑን የማያውቀው ኮምፒውተር

አንድ ጥልፍ ሠሪ ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። በከተማው የጨርቅ ተራ «ካባ ከተባለማ የዘርጋው ነው» የተባለለት ሰው ነው። ዘርጋው በመርፌ አይደለም የሚጠልፈው። ቅርጹን ኮምፒውተር ላይ ይሥላል፣ ኮምፒውተሩ በገመድ ለማሽኑ ይነግረዋል፣ ማሽኑም በወርቅማ ክር ከፋይ ጨርቁን ይጠልፈዋል። ሰውየው፣ ኮምፒውተሩና ማሽኑ ለብዙ ዓመት ተስማምተው ኖረዋል።

ኮምፒውተሩ አርጅቷል። ጠዋት ከፍቶት፣ ሱቁን ጠርጎ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ብሎ ሲመለስ ያ ነገር ገና እየተነሳ ነው። ዘርጋው ግን አይከፋውም ነበር። ይዘገያል እንጂ አንዴ ከተነሳ ሥራ አያስተጓጉልም።

ታዲያ አንድ ቀን ከፊት ለፊቱ ያለው ጥልፍ ሠሪ፣ ይማም የሚባለው፣ አዲስ ኮምፒውተር አመጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱን የሚለያያቸው ነገር አልነበረም፤ ማሽኖቻቸውን እንኳ ከአንድ ነጋዴ አብረው ሄደው ነው የገዙት። ይማም አዲሱን ኮምፒውተር ደጃፉ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ ደገነው። አቤት ማማሩ! የካባው ፎቶ በየቀለሙ እየተገለባበጠ ሲታይ ሰው ቆሞ ያያል፣ ካየ በኋላም ይገባል። ዘርጋው ደንበኞች በእሱ ደጅ አልፈው ወደ ይማም ሲገቡ አየ። ቀና፤ ከይማምም ጋር ተኮራረፉ። ምን ይደበቃል፣ እኔም ብሆን እቀና ነበር።

በዚያው ሰሞን ምንታምር የምትባል ልጅ እሑድ ልታገባ፣ ሰኞ መልስ ልትጠራ ቀርባለች። በመልስ ቀን የሙሽራውና የሙሽሪት ካባ አንድ ዓይነት ጥልፍ መያዝ አለበት፤ ወግ ነው። ምንታምር ለጥልፉ ቅርጽ ያመጣችው የሟች እናቷን ቀሚስ ነበር። «ጋሽ ዘርጋው፣ ይቺን አበባ እንዳለች ቅዳልኝ። በመልሴ ቀን እናቴ ትከሻዬ ላይ ትሁንልኝ» አለችው። ዘርጋው አበባዋን ኮምፒውተሩ ላይ ሣለ፣ የሙሽራውን ካባ ጠልፎ ሰጠ። የእሷ ቀረ። ከፋዩ ተቆርጧል፣ ክሩ ተገዝቷል፣ ቀሪው የማሽን ሥራ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰውየው የተቻኮለው። «ምንታምር ካባዋን ልትወስድ ስትመጣ እኔም ጋ አዲስ ነገር ትይ» ብሎ አሰበ። አዲስ ኮምፒውተር መግዣ ስለሌለው በአሮጌው ላይ የይማምን ዓይነት አዲስ ሲስተም ሊያስጭን ወሰነ። ሐሙስ ጠዋት ገመዱን ነቀለ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ይማም ደጃፍ ላይ አወጣ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ባለሙያም ጠራ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ያን ዕለት አላስታወሰውም።

ባለሙያው ጠንቃቃ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ፎርማት ከማድረጌ በፊት ልጠይቅዎት። ከዚህ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙት ሌላ ዕቃ አለ?» አለው።

«ምንም የለም። አንተ ብቻ ቶሎ ጫንልኝ።»

«ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ አዲሱ ይከብደዋል።»

«ይልመደዋ» አለ ዘርጋው። ዓይኑ የይማም ደጅ ላይ ነበር።

ልጁ የዘርጋውን ሥዕሎች ፍላሽ ላይ አስቀመጠለትና አሮጌውን ሲስተም አጥፍቶ አዲሱን ጫነ። ሲከፈት ሰማያዊው ብርሃን ሱቁን ሞላው። ዘርጋው በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ባለ ሻዩን ጠራ፣ ሱሪ ቆራጩን ጠራ፣ የማያውቀውን መንገደኛ ሳይቀር እጁን ይዞ አሳየ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል፤ ያረጀ ነገር ታጥቦ ሲወጣ ማን አይደሰትም።

ከሰዓት ገመዱን ከማሽኑ ጋር ሰካ። ኮምፒውተሩ አንዴ አሰበና «የማይታወቅ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ነቅሎ ሰካ። የማይታወቅ ዕቃ። አጥፍቶ አበራው። እንደዚያው ነው። ያን ሁሉ ዓመት አብሮት የኖረውን ማሽን አላውቀውም አለ።

ባለሙያው ተመልሶ መጣና ማሽኑን ሲያይ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ይኼን ነበር የጠየቅሁዎት። በኮምፒውተሩና በማሽኑ መካከል ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ አለ። የዚህ ማሽን ፋብሪካ የሠራው ለአሮጌው ሲስተም ብቻ ነው፤ ለአዲሱ አልሠራም። ወደ አሮጌው እንመልሰው ቢሉ እኔ ጋ የዚያ ሲስተም ሲዲ የለም። ከማሽኑ ጋር የመጣውስ ሲዲ የት አለ?»

ዘርጋው ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲዲው እዚያ ነው። ያብለጨልጫል ብሎ በክር አንጠልጥሎት ነበር። ነፋስ ከግድግዳው ጋር ሲያፋጨው ከርሞ ተጫጭሮ አልቋል።

ዓርብ ምንታምር መጣች። ሳቅ በሳቅ ሆና ነው የገባችው። «አለቀ፣ ጋሽ ዘርጋው?»

«አላለቀም ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለና ሁሉንም ነገራት።

ምንታምር አልጮኸችም። የተቆረጠውን ከፋይ በእጇ ዳሰሰች፣ እንባዋ መጣ፣ መለሰችው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ወደሚያበራው ስክሪን ዞረችና «ይኼ የሚያምረው ታዲያ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችው። ዘርጋው እጁን ዘርግቶ ስክሪኑን አጠፋው።

ልጅቷ ስትሄድ ክው ብሎ ቀረ። ለሌላ ጥልፍ ሠሪ ቢሰጠው ሥራውም ስሙም ሄደ። ባይሰጠው ደግሞ አንዲት ሙሽራ በመልሷ ቀን እናቷን ታጣለች። ትንሽ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ከዚያ ከፋዩን፣ ክሩንና ፍላሹን ታቀፈ፣ ኩራቱን ዋጠና መንገዱን ተሻገረ።

«ይማም፣ ይቺን ካባ ጨርስልኝ» አለው። «ምስጋናውም ያንተ ይሁን። ልጅቷ ብቻ አትፈር።»

«ማሽንህ ተበላሸ እንዴ?»

«ማሽኑስ ደኅና ነው። እንዳንተ ልሁን ብዬ አዲሱን ሲስተም ጫንኩ፤ ማሽኔን አላውቀውም አለ።»

ዘርጋው ይስቅብኛል ብሎ ጠበቀ። ይማም ግን አልሳቀም። ከዚያ ተነሥቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና «ና ወደ ጓዳ» አለው።

ጓዳው ውስጥ መጋረጃ አለ። ይማም መጋረጃውን ገለጠው። ከጀርባው አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ የዘርጋው ኮምፒውተር መንትያ ነው ማለት ይቻላል። ገመዱ ቀጥታ ወደ ጥልፍ ማሽኑ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ያ አሮጌው ሲስተም እንዳለ አለ።

«ካባ የምሠራው በዚህ ነው» አለ ይማም።

«የደጁስ?»

«የደጁ ፎቶ ያሳያል። እኔም ያመጣሁት ዕለት ማሽኑን ሰክቼ አላውቀውም ብሎኛል። አፈርኩና አሮጌውን ደበቅሁት። አንተ ደግሞ የደበቅሁትን ሳታይ ያሳየሁህን ቀዳህ።»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ያን ሰሞን ሲኮራረፉ የከረሙ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ይማም ከሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሲዲዎች አወጣ፤ የአሮጌው ሲስተምም፣ የማሽኑም አሉ። «አንተ ለወፍ ማባረሪያ ስታንጠለጥለው እኔ ቆልፌበት ነበር» አለው። «ና፣ ካባውን ራስህ ትጨርሰዋለህ። የጀመርከው አንተ ነህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ባለሙያው መጣና የዘርጋው ኮምፒውተር ላይ አሮጌውን ሲስተም መለሰው። ሦስት ሰው ትንፋሹን ውጦ አንድ ስክሪን ላይ አፈጠጠ። ያ የድሮው መዘግየት ተመልሶ መጣ፤ ዘርጋው እንደዚያን ቀን ወዶት አያውቅም። ሲጠናቀቅ ገመዱን ሰካ። ማሽኑ አንዴ ጮኸ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ መርፌው ተነሥቶ ወረደ። ከፋዩ ላይ የምንታምር እናት አበባ የመጀመሪያ ቅጠሏን አወጣች። ዘርጋው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ይማም ሱቁን ዘግቶ አጠገቡ ዋለ፤ ክር ሲያልቅ እሱ ነው የሚቀይረው።

ባለሙያው ሲወጣ አንድ ነገር አስጠነቀቀ። «ጋሼ፣ ይኼ ሲስተም አርጅቷል፣ ከቫይረስ ጠባቂም የለውም። ከኢንተርኔት ጋር እንዳያገናኙት።»

«ይመነኩሳል በላ» አለ ዘርጋው። «ከዓለም ይራቅ፤ ማሽኔን ካወቀልኝ ሌላ አልጠይቀውም።»

እሑድ የሰርጉ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ በጨርቅ ተራ ሲያልፉ መርፌው የመጨረሻውን አበባ እየዘጋ ነበር። ሰኞ ማለዳ ምንታምር ከነሚዜዋ መጣች። ደጃፉ ላይ የሚያበራው ነገር የለም፤ አሮጌው ኮምፒውተር ከነገመዱ በግልጽ ተቀምጧል። ቆማ አየችው። ገና አፏን ሳትከፍት ዘርጋው ካባውን ዘርግቶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «ባለፈው ለጠየቅሽኝ መልስ አልነበረኝም» አላት። «ይኼኛው የሚሠራው ይኼን ነው።» ምንታምር በእጇ አበባዋን ዳሰሰችና ዓርብ የመለሰችውን እንባ ያን ጊዜ ለቀቀችው።

በማግስቱ ይማምም መጋረጃውን አነሣ። አሮጌውን ደጅ አውጥቶ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠው፤ ደንበኛ ሲጠይቀውም «ይኼ ያሳያል፣ ይኼ ይሠራል» ይላል። ገበያው አልቀነሰበትም።

እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር የሚባለው ለዚህ ነው። ሰው የጎረቤቱን ደጅ ያያል እንጂ ጓዳውን አያይም። አዲስ ነገር ክፉ አይደለም፤ ይማምንም ጠቅሞታል። ግን መሣሪያ የሚመረጠው በሚያበራው ሳይሆን እንጀራ ከሚያበላን ነገር ጋር በመግባባቱ ነው። ጉድለትም የሌለው መሣሪያ የለም፤ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ወዳጅህን አያውቅም። ጉድለቱን አውቀህ የምትኖርበት ነገር አያሳፍርህም፤ የሚያሳፍረው በመጋረጃ የሸፈንከው ነው።

አንተስ ወዳጄ፣ አንቺስ እህቴ፣ ነገ አዲስ ነገር ልትጭኑ ስትቸኩሉ «ከዚህ ጋር የሚገናኝ ሌላ ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ ምን ትመልሱለታላችሁ?