ጥፍር ያልነካው እርሳስ

አንድ ጥይት ሠሪ ነበር፤ ስሙ እሸቴ ይባላል። በየቤቱ የወዳደቀ እርሳስ እየሰበሰበ፣ በብረት ድስት እያቀለጠ፣ ለነፍጥ የሚሆን ድብልብል ጥይት ያወጣል። የመጣለትን ቁራጭ ሁሉ በመጀመሪያ በጥፍሩ ይጭራል፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ይጥለዋል። ንጹሕ እርሳስ በጥፍር ይጫራል፤ ሲወድቅም ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ሌላ ብረት የተቀላቀለበት ግን ጥፍር አያስገባም፤ ሲወድቅ ይጮኻል። የጮኸውን እሸቴ ለባለቤቱ ይመልሳል። የገዛ እናቱ ያመጡትን እንኳ መልሶላቸው ያውቃል።

አንድ ዓመት ሰው በላ አንበሳ ወደ መንደሩ ወረደ። ሴቶች ውኃ መቅዳት ፈሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ሁሉ ይቀረቀር ጀመር። አንበሳውን እንዲገድል የእሸቴ ታናሽ ወንድም ደምሌ ተመረጠ፤ ዒላማ የማይስት ሰው ነበርና። መንደርተኛውም ያለ የሌለ እርሳሱን አዋጣ።

የአገሩ ገዥም በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ቁራጭ በአሽከራቸው እጅ ላኩ። እሸቴ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለና ሳመው። ከዚያ እንደ ልማዱ ጥፍሩን አነሣ። አሽከሩ ቆሞ ያየዋል። የጌታን ስጦታ እንደ ተሰረቀ ዕቃ መመርመር? እሸቴ የገዥውን ቁጣ ፈራ። ጣቱን አጠፈና ቁራጩን እንዳለ የመንደሩ እርሳስ በቀለጠበት ድስት ውስጥ ጨመረው።

እንደ ውኃ ይፈስ የነበረው እርሳስ እንደ ገንፎ ጓጎለ። የወጡት ጥይቶች የተጨማደዱና ቀለል ያሉ ሆኑ። እሸቴ ሌላ ብረት እንደተቀላቀለበት ዐወቀ። በመንደሩ ሌላ እርሳስ አልቀረም።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለው ደምሌ።

«እሳቱ ነው፤ ገረፈኝ።»

«ጥይቱስ ደኅና ነው?»

አሽከሩ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

«ደኅና ነው» አለ እሸቴ።

በማግስቱ ደምሌ አንበሳው ላይ አነጣጥሮ ተኮሰ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጥይቱ ግን መንገዱን ስቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ነፍጡን ደግሞ ለማጉረስ ጊዜ አላገኘም። ሰዎች ጦር ይዘው ሲደርሱ የተረፈው ነፍጡ ብቻ ነበር።

ገዥው ለቅሶ መጡ። ከድስቱ አጠገብ የቀረ አንድ ያልተተኮሰ ጥይት አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«አንተ ሰው፣ እርሳሱን አልፈተንከውም እንዴ?»

«ጌታዬ፣ ከእጅዎ የመጣውን እንዴት ብዬ ልፈትን?»

ገዥው ጥይቱን መልሰው አስቀመጡት። «ከግምጃ ቤት ጥግ ወድቆ ያገኘሁት ነው። ምንነቱን አላውቅም። አንተ ትለየዋለህ ብዬ ነው የላክሁልህ» አሉት።

እሸቴ ያቺን ጥፍሩን እያየ አለቀሰ።

እንግዲህ እሸቴ የፈራው ቁጣ በገዥው ልብ ውስጥ አልነበረም። ቢኖርስ ኖሮ? ቁጣ ይበርዳል፤ ደምሌ ግን አይመለስም። ለእናታችን ጠንክረን ለምንፈራው ሰው ስንላላ፣ ፍርሃታችንን ተሸክሞ አንበሳ ፊት የሚቆመው እኛን ያመነ ሰው ነው።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ከሚፈራ እጅ ስለመጣ ብቻ ሳትፈትኑ የተቀበላችሁት ምንድን ነው? አሁንስ ማን «ደኅና ነው» ብላችሁት ይዞት እየወጣ ነው?