የተላገው በር

አንድ ውብሸት የሚባል ግንበኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ በስተመጨረሻ ለራሱም አንድ ቤት ሠራ። የመሠረቱን ድንጋይ በገዛ እጁ ነው የደረደረው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ፣ “ይህ ቤት እኔን ቀብሮ የልጅ ልጆቼንም ይቀብራል” ይል ነበር።

ቤቱ የቆመው ግን ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቅና የተሸከመውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤቱ አንድ ማዕዘን ዝቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ያስታወቀው የፊት ለፊቱ በር ነበር፤ አልዘጋ አለ።

ውብሸት ይርዳው የሚባል አናጺ ልጅ ነበረው። ጠራውና “ይህ በር አብጧል፤ ላገው” አለው። ልጁ ላገው። በዓመቱ በሩ እንደገና መቃኑን ታከከ፤ እንደገና ላገው። በአራተኛው ዓመት ይርዳው መላጊያውን እንደያዘ ቆም አለ።

“አባዬ፣ በሩ ምንም አልሆነም። የወረደው መሠረቱ ነው። እስቲ ውሃ ልክህን አውርደህ ደፉ ላይ አስቀምጠው።”

የውብሸት ውሃ ልክ፣ የግንብን መቃናት በውስጡ ባለች አረፋ የሚያሳየው መለኪያ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ዕቃ የስንቱን ሰው ግንብ ለክቶ አስፈርሷል! የራሱን ቤት ግን አንድ ቀን ለክቶበት አያውቅም።

“እኔ መሠረት መጣል ስጀምር አንተ አልተወለድክም!” አለ በቁጣ። “ሥራው ካቃተህ ሌላ አናጺ እጠራለሁ። ሰበብ አትፈልግ።”

ይርዳው በሩን ላገው፤ መላጊያውን እዚያው ግድግዳው ሥር አኑሮ ወጣ። አልተመለሰም። ሌላ ከተማ ሥራ ጀመረ መባሉን ውብሸት የሰማው ከሰው ነው።

ስድስት ዓመት አለፈ። ውብሸት በየበዓሉ ዋዜማ የግድግዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ይደፍንና ቀለም ይቀባበታል። በሩን ግን ሌላ ሰው አላስላገውም፤ በትከሻው እየገፋ ይከፍተዋል። ልጁ ግን ናፈቀው፤ በጣም ናፈቀው። ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የልጁ መላጊያ ያለፈበትን የእንጨቱን ጠርዝ በጣቱ ይዳብሳል። ሊደውል ስልኩን ያነሣና “እሱ ልጅ ነው፤ እሱ ይደውል” ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለው ኩራት ምን ያህል እንደሚያደክም የያዘው ሰው ያውቀዋል።

አንድ ማለዳ በሩ ጨርሶ አልከፈት አለ። ያ ኩሩ ግንበኛ ራሱ በሠራው ቤት ታስሮ ዋለ! ጎረቤቶቹ በመስኮት አወጡትና መሠረት የምትጠግን መሐንዲስ ጠሩለት።

መሐንዲሷ ቤቱን ዞራ አየች። ከዚያ የተሰቀለውን ውሃ ልክ አውርዳ ደፉ ላይ አስቀመጠችው። አረፋው ወደ አንዱ ጫፍ ሸሸ።

“ጋሼ፣ ይህን የሚያወርዱት ለሰው ቤት ብቻ ነው?” አለችው።

ውብሸት አንገቱን ደፋ።

ሠራተኞቿ መሠረቱ ሥር ቆፍረው የብረት ምሰሶዎችን አንድ በአንድ ወደ ታች ገፉ። ብረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ዐለት እስኪያገኝ ድረስ ወረደ። በምሰሶዎቹ አናት ላይ ከባድ ነገር የሚያነሣ ክሪክ ተክለው ቤቱን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ አነሡት። የግድግዳው ስንጥቅ ሲገጥም ውብሸት በዓይኑ አየ። ደስ ብሎት በሩን ሊዘጋ ሄደ። መቃኑ ቀጥ ብሏል፤ በሩ ግን በአንድ በኩል ጎድሎ ሰፊ ክፍተት ተወ።

“ምን ነካው?” አለ።

“ምንም አልነካው። በሩን የላጋችሁት ለዘመመው መቃን እንዲስማማ ነበር። አሁን ቤቱ ተቃና፤ የጎደለው ታየ። ይጣልና አዲስ ይሠራልዎት።”

“አይጣልም!” አለ ውብሸት። በክፍተቱ በኩል ልጁ የሄደበት መንገድ ይታያል። እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ስልኩን አነሣ፤ በዚህ ጊዜ መልሶ አላስቀመጠውም።

“ይርዳው፣ ጥፋቱ የበሩ አልነበረም። መሠረቱ ነው፤ ብለኸኝ ነበር። አሁን ቤቱን አቀኑት፤ በሩ ግን ጎደለ።”



“ስንት ጣት ጎደለ?” አለ ልጁ።

“ሦስት።”

“ሌላ ሰው እንዳታስነካው። እንጨት ይዤ እመጣለሁ።”

መጣም። በጎደለው ላይ እንጨት ቀጠለበት። ቅጥያው ቀለሙ ስለሚለይ ከሩቅ ያስታውቃል። ውብሸትም ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ግድግዳውን መምታት ትቶ ያንን ቅጥያ ያሳያል።

ወዳጄ፣ ብዙዎቻችን እንደ ውብሸት ነን። ከእግራችን በታች የወረደውን ማየት ስለሚያሳፍረን፣ አብሮን የሚኖረውን ሰው ለእኛ መዝመም እንዲመች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንልገዋለን። እሱም ለፍቅር ሲል ይላጋል። አንድ ቀን ልባችን ሲቃና ያጎደልነውን እናያለን። የላግነው እንጨት ተመልሶ አይበቅልም፤ በይቅርታ ግን መቀጠል ይቻላል፤ ያውም የላግነው ሰው በሕይወት ካለና ስልኩን ካነሣልን።

እስቲ ውሃ ልክዎን ከተሰቀለበት ያውርዱት። ከማን ላይ ስንት ጣት አጉድለዋል?