በየወሩ የተላከው ድርሻ

አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኋላ እንዳትፈርዱበት ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሚዛን የማያጭበረብር፣ ለሠፈሩ ለቅሶ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች መሪያቸው፣ ሙሴያቸው እንዲሆን ሲመርጡት አንድም ሰው አልተቃወመም። ስሙን ልሳነወርቅ እንበለው። ከተማውን አልጠራም። የእናንተው ከተማ ቢሆንስ ምን ታውቃላችሁ?

ይህ ሰው ጥላዬ የሚባል አናጢ ወዳጅ ነበረው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ማኅበር ጠጥተዋል፤ ልሳነወርቅ የጥላዬን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና አንስቷል። ጥላዬ የአንጀት ካንሰር ያዘውና ሐኪሞች የታመመውን ቆርጠው አወጡለት። ተመስገን፣ ዳነ። ነገር ግን የታችኛው መንገድ ስለተዘጋ በሆዱ ላይ በግራ በኩል ቀዳዳ ከፈቱለት። ሰገራው በዚያ እየወጣ ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀማል። ፊታችሁን አታጨማድዱ እንጂ! ስለ ሰው ነው የምነግራችሁ። ከሞት የተረፈው በዚያ ቀዳዳ ነው።

ቁስሉ ሲደርቅ ጥላዬ መጀመሪያ የጠየቀው ምን ይመስላችኋል? ሥራ መቼ እጀምራለሁ አላለም። ለሚካኤል ማኅበር እደርስ ይሆን ወይ ነው ያለው። ደረሰም። ግን ፈርቷል። ያ ቀዳዳ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ድምፅ ያሰማል፤ ባለቤቱን አያስፈቅድም። ስለዚህ ጥላዬ ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ከረጢቱ ባዶ እንዲሆንለት ብሎ ነው። ከወንድሞቹ መሀል በሰላም ተቀምጦ በሰላም እንዲወጣ ብሎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ጾም ለማኅበርተኞቹ ብሎ ጾመ።

ልሳነወርቅ ይህን አያውቅም። ወዳጁ ከስቶ፣ እጁን ሰብስቦ ማዕዱን ሲያይ አሳዘነው። ጠቅልሎ አጎረሰው። ጥላዬ ዛሬስ ይቅርብኝ ቢለው በሞቴ አለው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመው። እስቲ እናንተ ተናገሩ፣ በሞቴ የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ እንቢ ይላል? እኛ እኮ ፍቅራችን እንዲህ ነው። ሰውዬውን ምን ሆነህ ነው ብሎ ከመጠየቅ አፉን መሙላት ይቀለናል።

የመዝጊያው ጸሎት ደረሰ። ሁሉም ቆሙ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ከጥላዬ ሆድ ረጅም ድምፅ ወጣ። ሽታም ተከተለ።

ማነው የሳቀው? አትሳቁ። እዚያ ቤት እንኳ ማንም አልሳቀም። ልሳነወርቅ ብቻ ቀስ ብሎ ሄደና መስኮቱን ከፈተ። ክፋት አላሰበም። ያጎረስኩት እኔ ነኝ ብሎም አላሰበም። ጥላዬ ግን ነጠላውን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ጸሎቱ ሳያልቅ ወጣ።

በሚቀጥለው ወር አልመጣም። በሌላውም አልመጣም። ማኅበርተኛው ተነጋገረ። አንዱ ኮርቶብን ነው አለ፣ አንዷ ሕመሙ አገርሽቶበት ይሆናል አለች። ልሳነወርቅ ምክንያቱ አልጠፋውም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ግን አፍ አውጥቶ መናገሩ አሳፈረው። እናም የማኅበሩን ደንብ ጠቀሰ። የታመመ አባል ከማኅበር ቢቀር ድርሻው ወደ ቤቱ ይላክለታል፤ ዳቦውም ጠላውም። እንግዲያው ለጥላዬም ይላክለት አለ። ሁሉም ደስ አላቸው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ድርሻው ሳይጓደል ሄደ። ልሳነወርቅም በየወሩ ወዳጄን አልረሳሁትም እያለ ተኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

አንድ ቀን ድርሻውን የምታደርሰው ሴት ገጠር ሄዳ ስላልነበረች ልሳነወርቅ ራሱ ይዞት ሄደ። የሚያገኘው የአልጋ ቁራኛ መስሎታል። ጥላዬ ግን ግቢው ውስጥ ቆሞ የበር ሳንቃ ይልጋል። ክንዱ ጠንካራ፣ ፊቱ ወዝ ያለው። ልሳነወርቅ ደነገጠ። ደህና ሆነህ ነው እንዴ የቀረኸው ሊለው ሲል፣ የጥላዬ ሚስት የሺመቤት ዳቦውን ተቀበለችውና ወደ ቤት አስገባችው። ባሏ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አበልጄ፣ ልንገርዎት» አለች። «የመጀመሪያውን ዓመት በየሚካኤሉ ገላውን ታጥቦ፣ ከረጢቱን ቀይሮ፣ ነጭ ለብሶ እዚህ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ተነስ እንሂድ ይለኛል ብሎ ነው። ዳቦው ሲመጣ ይነሳና ልብሱን ይቀይራል።»

ልሳነወርቅ ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። ጥላዬ ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው አልነበረም። እነሱ ደግሞ በጥሪ ፋንታ ዳቦ ላኩ። ለታመመ የሚላከውን፣ ቤትህ ሁን የሚለውን ዳቦ ላኩ። ወደ ግቢው ተመለሰና አለቀሰ። ጥፋቴ ነው፣ መስኮቱን የከፈትሁ እኔ፣ ድርሻው ይላክለት ያልሁም እኔ፣ ዛሬውኑ ተነስ፣ ማኅበሩ ገና አልተበተነም፣ ከጎኔ ትቀመጣለህ አለው።

ጥላዬ መላጊያውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ልሳኔ፣ ቂም የለኝም» አለው። «ቁስሉ የደረቀልኝ በሁለት ወር ነው። እናንተን ማጣት ለመልመድ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን ለመድሁት። እንደገና አታስጀምረኝ።»

እስከ ዛሬ አልመጣም። ልሳነወርቅ በየሚካኤሉ እየሄደ ይለምነዋል፤ ጥላዬ ወንበር ያቀርብለታል፣ ስለ እንጨት ዋጋ ያጫውተዋል፣ እስከ በር ይሸኘዋል። ይኸው ነው።

ወገኖቼ፣ ሐኪሙ ሥራውን ሠርቷል። ነቀርሳውን አውጥቶ ሰውዬውን በሕይወት መልሶልናል። በሕይወት የመለሰልንን ሰው እኛ ምን አደረግነው? ሕመሙ ከሥራው አላስቀረውም፣ ከትዳሩ አላስቀረውም። ከእኛ ያስቀረነው እኛው ነን። ያውም በጨዋ ደንብ፣ ያውም ዳቦ እየላክን!

እናንተስ? ሆዱ ላይ ከረጢት ያለበት ሰው በሠፈራችሁ የለም? ሽንቷን መቋጠር አቅቷት ከዕድር የቀረች እናት የለችም? አሉ። የማታዩአቸው ስለሌሉ አይደለም፤ ሰው እንዳይጸየፋቸው ቤታቸውን ዘግተው ነው። እናንተ ደግሞ ታመዋል፣ ይረፉ ትላላችሁ። ማን ነገራችሁ? ጠይቃችኋል? ወይስ በሰው እጅ የሆነ ነገር ልካችሁ ግዴታዬን ተወጣሁ አላችሁ?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አስቡ። ዳቦ አትያዙ። በሞቴ ብላ አትበሉት። መቀመጫው የት ቢሆን እንደሚመቸው፣ ውኃ ያለበት መጸዳጃ ቅርብ እንዲሆንለት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ድምፅ ከሆዱ ቢሰማ ጸሎታችሁን ቀጥሉ። ራሳችሁ ሂዱ፣ ተነስ እንሂድ በሉት። ነገ አትበሉ፤ ደጃፉ ላይ ለብሶ እየጠበቃችሁ ይሆናል። ሳይለምደው ድረሱለት።